ፕሮፌሰር ሜችኒኮፍና የቲማቲማችን ሥር

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ማን እጽፋለሁ ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ከእኔ የተሻሉ ጓደኞቼ ባለፉት ዓመታት በሚገባ ጽፈዋል። እኔ የመረጥሁት ዕድሜውን ሙሉ ረቂቅ ፍጥረታትን ሲመረምር የኖረውን ኢልያ ሜችኒኮፍን ነው። ኢልያ ማለት በእኛ አጠራር ኤልያስ ማለት ነው። ወደዚህ ታላቅ ሰው ያደረሰኝ የቲማቲም ሥር ነው ብዬ ብነግራችሁ ግን እንዳትስቁብኝ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ነው። አባቴ ከሐይቁ በሚሳብ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። አምና የቲማቲሙ ተክል ቀን ቀን እየጠወለገ ወደ ማታ ቀና ይል ጀመር። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ፍሬውም አነሰ። እናቴ ጠምቶት ይሆናል ብላ ውሃ አስጨመረች፤ ውሃው ምንም አልፈየደም። አባቴ ማዳበሪያ ጨመረ፤ እርሱም አልረዳም። የሰው ዐይን ነው ያሉ ጎረቤቶችም አልታጡም። በቲማቲሙ ሽያጭ ታላቅ እኅቴ ነርስ ለመሆን ትምህርት ቤት እንድትገባ ታስቦ ነበርና ምርቱ ሲጠፋ እርሷም አንድ ዓመት ቤት መዋል ግድ ሆነባት። እኅቴ በፊታችን አላለቀሰችም። ሌሊት ግን መብራት ከጠፋ በኋላ በመኝታዋ ላይ ስትገላበጥ እሰማት ነበር።

በመጨረሻ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅዬ በፌስታል ጠቅልዬ ለባዮሎጂ አስተማሪያችን ወሰድሁላቸው። ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በየቦታው ተቋጥሮ አብጦ ነበር። አስተማሪያችን አንዱን እብጠት በምላጭ ሰንጥቀው ከማይክሮስኮፕ በታች አኖሩና እንዳይ ጠሩኝ። በውስጡ እንደ ሉል የነጣች፣ አንገቷ የቀጠነ፣ ሆዷ የተነፋ አንዲት ፍጥረት አየሁ። ይህች ኔማቶድ የምትባለው የትል ዐይነት እናት መሆኗን፣ አንዷም በመቶ የሚቆጠር እንቁላል እንደምትጥል አስረዱኝ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ግልገል ትል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ እየተሳበ የተክል ሥር ይፈልጋል፤ ባገኘም ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቶ በዚያው ተቀምጦ ይመገባል። የታመመው ሥር ውሃ እንደ ልቡ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል። እናቴ ጠምቶት ነው ያለችው እውነት ነበር፤ ጥማቱ ግን በውሃ የሚቈረጥ አልነበረም።

እኔም ይህን ክፉ ትል የሚገድል ጠላት በዓለም ላይ የለምን ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪያችንም አለ፤ በትሉ ሥጋ ውስጥ የሚያድግ ባክቴሪያ አለ፤ የወገኑም ስም ፓስቱሪያ ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣውን ሰው ታሪክ ግን አንተ ፈልገህ አንብብ አሉኝ። እኔም ፈልጌ አነበብሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኢልያ ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካርኮፍ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቦታው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበር፤ ዛሬ በዩክሬን አገር ውስጥ ነው። አባቱ የክብር ዘበኛ ጦር መኰንን ነበረ፤ እናቱም የአንድ አይሁዳዊ ደራሲ ልጅ ነበረች። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ስለ ዕፀዋትና ስለ ነፍሳት ያወቀውን ሁሉ ለሰው መንገር ይወድ ነበር። የሚሰማው ሰው ሲያጣ ወላጆቹ የሰጡትን የኪስ ገንዘብ ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች እየከፈለ ያስተምራቸው ነበር ይባላል። እኛ ለመማር ገንዘብ ስንከፍል እርሱ ለማስተማር ይከፍል እንደ ነበረ ሳነብ በጣም ሳቅሁ።

በካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። ከዚያም ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በመጀመሪያ በሔልጎላንድ ደሴት የባሕር ፍጥረታትን አጠና። ቀጥሎም በጊሰን ከተማ ሮይካርት ከተባለው ዝነኛ የጥገኛ ትሎች ሊቅ ዘንድ ገባ። እዚያም በ1865 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ የመረመረው ነገር ኔማቶድ ነበር። ከኔማቶዶች አንደኛው በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ሲኖር አንድ መልክ፣ በአፈር ውስጥ ሲኖር ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ትውልድ እየተፈራረቀ እንደሚወልድ አወቀ። ግኝቱ የማን ነው በሚለው ነገር ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ አዝኖ ሄደ። የሕይወቱ ሥራ በኔማቶድ መጀመሩን አንባቢዎቼ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከጀርመን ወደ ኢጣሊያ ወደ ናፖሊ ወርዶ ኮቫሌቭስኪ ከተባለ ያገሩ ሰው ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ወጣቶች እየተረዳዱ የባሕር እንስሳት ከእንቁላል ጀምሮ እንዴት እንደሚያድጉ መረመሩ፤ በዚህም ሥራቸው በ1867 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ሽልማት ተካፈሉ። በዚያው ዓመት ሜችኒኮፍ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ዕድሜው 22 ዓመት ስለ ነበረ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር።

ከዚህ በኋላ ኀዘን መጣበት። በ1869 ዓ.ም. ሉድሚላ የምትባለውን ወጣት አገባ። ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበርና በሠርጓ ቀን መራመድ አቅቷት በወንበር ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቧት። ሜችኒኮፍ ሞቃት አየር ይሻላታል ተብሎ ከአገር ወደ አገር ይዟት ዞረ። ለመድኃኒቷና ለመንገዷ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ከማስተማሩ ሌላ መጻሕፍት ይተረጕም ነበር። ዐይኑም ከሥራ ብዛት ታመመ። ያም ሁሉ ሆኖ ሉድሚላ በ1873 ዓ.ም. በማዴይራ ደሴት ሞተች። ባሏም ተስፋ ቈርጦ ሕይወቱን በገዛ እጁ ለማጥፋት ሞከረ፤ ሞት ግን አልተቀበለውም።

ከዚህ ኀዘን ያወጣው ነገር በጣም ትንሽ ነው። በጄኔቫ ከተማ አንድ ማታ በድልድይ ላይ ቆሞ ሳለ በፋኖስ ዙሪያ የሚበሩ ነፍሳት አየ። እነዚህ ነፍሳት የሚኖሩት ጥቂት ሰዓት ብቻ መሰሉት። እንዲህ አጭር ዕድሜ ያላቸው ፍጥረታት ለኑሮ የሚያደርጉት ትግል ምን ዐይነት ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ። ካሰበ ዘንድ ማወቅ ፈለገ፤ ማወቅ ከፈለገም ወደ ሥራው መመለስ አስፈለገው። እኔ ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከወዳጅ ምክር ወይም ከካህን ስብከት በፊት በመብራት ዙሪያ የሚዞሩ ነፍሳት ሰውን ከሞት ሊመልሱ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ከእኛ መካከል ልቡ የከበደበት ቢኖር ግን ፋኖስ እስኪያይ ድረስ አይጠብቅ፤ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ወይም ለመምህሩ ይናገር።

በ1875 ዓ.ም. ኦልጋ የምትባለውን ወጣት ተማሪ አገባ። ኦልጋ ለሥራውም ረዳቱ ሆነች፤ ከሞተም በኋላ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት። በእነዚያ ዓመታት በኦዴሳ አውራጃ ጥንዚዛ ተነሥቶ ስንዴውን ያጠፋ ነበር። ሜችኒኮፍ በ1878ና በ1879 ዓ.ም. የጥንዚዛውን እጮች ሲመረምር አንዳንዶቹ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰው ሞተው አገኘ። ሻጋታው ገዳያቸው መሆኑንም አረጋገጠ። ከዚያም ይህን ሻጋታ ሰው በእጁ አራብቶ በእርሻ ላይ ቢበትነው ጥንዚዛውን ሊገድለው ይችላል ብሎ አሰበ፤ በቢራ ጥንስስ ላይም አበቀለው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሌላ ሰው በአገሩ ሻጋታውን በብዛት የሚያዘጋጅ ቤት ከፈተ። የሰብልን ጠላት በረቂቅ ተሐዋስያን መዋጋት የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ በሥራ ከተሞከረባቸው መጀመሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ስሙ ሜታራይዚየም የሚባለው ያ ሻጋታ ዛሬም በብዙ አገሮች ተባይ ለመግደል ያገለግላል።

በ1880 ዓ.ም. ኦልጋ በአንጀት ተስቦ ታመመች። ሜችኒኮፍ እንደ መጀመሪያይቱ ሚስቱ እንዳትሞትበት እጅግ ፈራ፤ እርሱም በልብ ሕመምና በሐሳብ ደከመ። በ1881 ዓ.ም. ከግርሻ በሽተኛ የተቀዳ ደም በራሱ ሰውነት ውስጥ አስገባ። በሽታው በደም ይተላለፍ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ቢሞትም ግድ የለውም ነበር። በጽኑ ታሞ ዳነ፤ ኦልጋም ዳነች። የሚገርመው ነገር ከዚህ በሽታ ከተነሣ በኋላ ኑሮን የሚወድ ሌላ ሰው ሆነ፤ በእርጅናውም ስለ መልካም ተስፋ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 36 ዓመት ነበር። ዛሬ ስሙ የሚጠራበት ትልቁ ሥራ ሁሉ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ከሁለቱ ጊዜ በአንዱ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የምንጽፍለት ታሪክ አይኖርም ነበር።

በ1882 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተነሣው ሁከት ምክንያት ሥራውን ለቀቀ፤ ከኦልጋና ከታናናሽ እኅት ወንድሞቿ ጋር ወደ መሢና ሄደ። መሢና በኢጣሊያ በሲሲልያ ደሴት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎች ሊያይ ወደ ሰርከስ ሲሄድ እርሱ ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። ይመለከት የነበረው የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ እጭ ነበር። እጩ እንደ መስተዋት የጠራ ስለ ሆነ በሆዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሴሎች ሁሉ ይታያሉ። እነዚህ ተንቀሳቃሽ ሴሎች ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚከላከሉ ዘበኞች ይሆኑን የሚል ሐሳብ በድንገት መጣለት። እንዲህስ ከሆነ እሾህ ቢወጋው ሴሎቹ በእሾሁ ዙሪያ መሰብሰብ አለባቸው አለ በልቡ። ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥቶ ከጽጌ ረዳ ላይ እሾህ ቈርጦ በእጮቹ ቆዳ ውስጥ ሰካ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ቢመለከት ሴሎቹ እሾሁን ከበውት አገኛቸው።

ጓደኞቼ ሆይ! በእግራችን እሾህ ገብቶ ሲያመረቅዝ ያ መግል ምን እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከጠላት ጋር ሲዋጉ የወደቁ ነጭ የደም ሴሎች አሉበት። ሜችኒኮፍ እነዚህን ሴሎች በላተኞች ማለት በሆነ የግሪክ ስም ፋጎሳይት አላቸው። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ በውሃ ቁንጫ ላይ ጦርነቱን በዐይኑ አየ። የውሃ ቁንጫ በኩሬ ውስጥ የምትኖር፣ በጣም ትንሽ፣ ሰውነቷ ብርሃን የሚያሳልፍ ፍጥረት ናት። እንደ መርፌ የሾለ የእርሾ ዘር ዋጥ ታደርግና ዘሩ አንጀቷን ወግቶ ያልፋል። በላተኞቹ ሴሎች ወዲያው ይከቡታል። ሴሎቹ ካሸነፉ ትድናለች፤ እርሾው ካሸነፈ ትሞታለች። ይህን ትምህርት ብዙ የጀርመን ሊቃውንት ተቃወሙት፤ ሰውነትን የሚከላከለው በደም ውኃ ውስጥ ያለ መድኃኒት ብቻ ነው አሉ። ክርክሩም ከሃያ ዓመት በላይ ቈየ። ኋላ እንደ ታወቀው ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

በ1886 ዓ.ም. በኦዴሳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥበት ጣቢያ ሲከፈት ሜችኒኮፍ አለቃው ሆነ። ነገር ግን ሐኪም ስላልነበረ የከተማው ሐኪሞች አልወደዱትም። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ረዳቶቹ በሰጡት የአባ ሰንጋ ክትባት ብዙ ሺህ በጎች ስላለቁ ነገሩ ባሰ። እርሱም አገሩን ለቆ ለመሄድ ቈረጠ። በበርሊን ኮኽ የተባለው ታላቅ ሊቅ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው፤ በፓሪስ ግን ሽማግሌው ሉዊ ፓስተር በደስታ ተቀብሎ አዲስ በተሠራው ኢንስቲትዩቱ ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጠው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣም።

አሁን የቲማቲሙ ነገር ወደሚገናኝበት ቦታ ደረስን። ሜችኒኮፍ ወደ ፓሪስ በተዛወረበት በዚያው በ1888 ዓ.ም. በፓስተር ኢንስቲትዩት መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በውሃ ቁንጫ ሰውነት ውስጥ የሚኖር እንግዳ ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። ባክቴሪያው እንደ አበባ ጎመን ቅርንጫፍ እያበጀ ያድጋል፤ ቅርንጫፉም እየተከፈለ በመጨረሻ ከየጫፉ አንድ ጠንካራ ዘር ይተዋል። ሜችኒኮፍ ይህን ባክቴሪያ ከቁንጫው ሰውነት ውጭ ሊያበቅለው አልቻለም። ቢሆንም የዕድገቱን ሥዕል አንድ በአንድ ሥሎ አሳተመው፤ ለፓስተርም ክብር ብሎ ፓስቱሪያ ራሞሳ የሚል ስም ሰጠው። ራሞሳ ማለት ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ማለት ነው። ጽሑፉን ብዙ ሰው አላስታወሰውም። ኋላም ሌሎች ሊቃውንት በውሃ ቁንጫ ላይ ሌላ ባክቴሪያ አግኝተው ያ ነው ብለው ስለ ተሳሳቱ እውነተኛው ፓስቱሪያ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ቈየ።

ሜችኒኮፍ ግን በሌላው ሥራው እየታወቀ ሄደ። በ1908 ዓ.ም. ስለ በላተኞቹ ሴሎች ባስተማረው ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር ተካፈለ። ኤርሊኽ ከተቃዋሚዎቹ ወገን የነበረ ሰው ነው። ሜችኒኮፍ በእርጅናው ዘመን ሰው ስለምን ቶሎ ያረጃል ብሎ ሲመረምር በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ክፉ ባክቴሪያዎች ናቸው ብሎ አመነ፤ እነርሱንም ለመዋጋት በየቀኑ እርጎ ይጠጣ ነበር። ስለ ዕድሜ ማርዘም የተናገረው ሁሉ በኋላ ልክ ሆኖ ባይገኝም አውሮፓውያን እርጎን እንዲወዱ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት እኛ ለማወቅ ፓሪስ መሄድ አላስፈለገንም ብላ ሳቀች። በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ወጣቶቹ ረዳቶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ የሥራው ክፍልም ባዶ ሆነ። እርሱም በልብ ሕመም ታሞ በሐምሌ ወር 1916 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። የሬሳው ዐመድ በፓስተር ኢንስቲትዩት መጻሕፍት ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

የሰውየው ሕይወት በዚህ አለቀ፤ የሰጠው ስም ግን ሥራውን ገና አልጀመረም ነበር። በ1906 ዓ.ም. ናታን ኮብ የተባለ አሜሪካዊ የኔማቶድ ሊቅ በሐዋይ ደሴቶች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሲሠራ በአንድ ኔማቶድ ሰውነት ውስጥ ብዙ ክብ ነገሮች ታጭቀው አይቶ ነበር። እርሱ ግን ባክቴሪያ መሆናቸውን አላወቀም። በ1940 ዓ.ም. ቶርን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እንዲሁ አይቶ ከእንስሳት ወገን ከሆኑት ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ቈጠራቸው። በ1975 ዓ.ም. በካሊፎርንያ የሚሠራው ማንካው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ባክቴሪያ ናቸው አለ። ከዚያም ሴይር የተባለ ተመራማሪ የሜችኒኮፍን ባክቴሪያ በኩሬ ውስጥ በውሃ ቁንጫ ላይ እንደገና አገኘ። በሽማግሌው ሥዕል አጠገብ ሲተያይ በኔማቶዱ ውስጥ ያለው የዚያው ወገን ሆነ። ስለዚህ በ1985 ዓ.ም. ሴይርና ስታር ሥርን የሚያሳብጠውን ትል የሚገድለውን ባክቴሪያ ፓስቱሪያ ፔኔትራንስ ብለው ሰየሙት። ፔኔትራንስ ማለት ሰርስሮ የሚገባ ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ 97 ዓመት አለፈ።

ይህ ባክቴሪያ የሚሠራውን ሥራ ሳነብ እንደ ተረት ሆኖብኝ ነበር። የባክቴሪያው ዘር በአፈር ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እግር የለው፣ ክንፍ የለው። ድርቁንና ፀሐዩን ችሎ ለብዙ ዓመት ሊቈይ ይችላል። ግልገሉ ትል ሥር ፍለጋ እየተሳበ ሲያልፍ ዘሩ በቆዳው ላይ ይጣበቃል፤ የበግ ጠጕር ላይ እንደሚጣበቅ ጭጎጎት ማለት ነው። ትሉ ጠላቱን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሥሩ ይገባል። መመገብ በጀመረ ጊዜ ዘሩ ይበቅልና ቆዳውን ሰርስሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ትሉ አይሞትም፤ ያድጋል፤ ይወፍራል። ነገር ግን እናቲቱ በእንቁላል ፋንታ በባክቴሪያ ዘር ትሞላለች። በአንዲት ትል ውስጥ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ሊገኝ ይችላል። ሥሩ ሲበሰብስ ያ ሁሉ ዘር ወደ አፈር ይመለሳል፤ የሚቀጥለውን ትልም ይጠብቃል።

እንዲህ ከሆነ ለምን በየገበሬው እጅ አልገባም ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስተማሪያችንን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አንደኛ፣ ባክቴሪያው ያለ ትል አልበቅል ብሎ ሜችኒኮፍን እንዳስቸገረ ሁሉ የኋለኞቹንም ለረጅም ዘመን አስቸግሯል፤ በብዛት ለማግኘት መጀመሪያ ትሉን በቲማቲም ሥር ማርባት ያስፈልግ ነበር። በፋብሪካ ጋን ውስጥ የማራባት ዘዴ በአሜሪካ የተገኘው በቅርብ ዘመን ነው። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው መራጭ ነው፤ በአንዱ ትል ላይ የሚጣበቀው በሌላው ላይ አይጣበቅም። ሦስተኛ፣ በአፈር ውስጥ በርክቶ ትሉን እስኪያሸንፍ ድረስ ብዙ የምርት ወቅት ሊፈጅ ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ሜችኒኮፍ በሃያ ዓመቱ ኔማቶድ መረመረ፤ በ33 ዓመቱ የሰብልን ጠላት በረቂቅ ተሐዋስያን ለመግደል አሰበ፤ በ43 ዓመቱ ለፓስቱሪያ ስም አወጣ። ሦስቱ ክሮች በእጁ ነበሩ፤ አንድ ላይ እንደሚገመዱ ግን ሳያውቅ ሞተ። የገመዷቸው ሌሎች ናቸው። ሊገምዷቸው የቻሉት እርሱ ያየውን ነገር የማይጠቅም ነው ብሎ ሳይተወው በጥንቃቄ ስለ ሣለውና ስለ ጻፈው ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ተማሪዎች ይህ ትምህርት ምን ይረባናል እንላለን። እኔ ራሴ በላቦራቶሪ ደብተሬ ላይ ሥዕል ሣል ስባል አቻኵዬ እጨርስ ነበር። አሁን አላቻኵልም።

በመጨረሻ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። አስተማሪያችን በነገሩን መሠረት አባቴ የታመሙትን ሥሮች ሁሉ አስነቅሎ አቃጠለ። በበጋው ማሳውን ደጋግሞ እያረሰ አፈሩን ለፀሐይ አሰጣ፤ ፍግም ጨመረበት። ዘንድሮ በዚያ ማሳ ላይ ቲማቲም አልተከለም። እኅቴ በሌላው ማሳ በለማው ሽንኩርት ሽያጭ ተመዝግባ ትምህርቷን ጀምራለች፤ ባለፈው ሳምንት በነጭ ልብስ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ላከችልን።

እኔና አስተማሪያችን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሳችን የመጣውን አፈር በውሃ እያጠብን ግልገል ትሎችን በማይክሮስኮፕ እንመለከታለን። በቆዳቸው ላይ የተጣበቀ ክብ ዘር እንፈልጋለን። እስከ ዛሬ ድረስ አላገኘንም። የተመለከትናቸውን ትሎች ቍጥርና ቀኑን ግን በደብተሬ ላይ በጥንቃቄ እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከእኔ በኋላ የሚመጣ ተማሪ መቀጠል ቢፈልግ ደብተሩን ከባዮሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል።